የኒውሮብላስቶማ ዕጢና የክሮሞሶም ውጤቱ፦ ለጥያቄዎቻችሁ የተሰጡ መልሶች

ስለ ኒውሮብላስቶማ፣ ማለትም ካልበሰሉ የነርቭ ሕዋሳት ስለሚነሳው የልጆች ካንሰር፣ የላካችኋቸውን ጥያቄዎች ሰብስቤ እነሆ እመልሳለሁ። ሥራዬ በሕክምና ላቦራቶሪ ውስጥ ከልጆች ዕጢ በተወሰደ ናሙና ላይ የክሮሞሶም (በሕዋስ ውስጥ ዘረመልን የተሸከመው ክር) ምርመራ ማድረግ ነው። ልጃችሁን የሚያክመው ሐኪም እኔ አይደለሁምና ስለ መድኃኒት መጠን አልናገርም። ወረቀቱ ላይ የሰፈረው ነገር ምን ማለት እንደሆነና ሐኪሙ ለምን እንደሚፈልገው ግን በሰፊው ማስረዳት እችላለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ (የሁለት ዓመት ከአራት ወር ልጅ እናት)፦ ሐኪሙ «ዕጢው ላይ የክሮሞሶም ለውጥ አለ» አሉን። ከእኔ ነው የመጣው ወይስ ከአባቱ? እርጉዝ ሳለሁ ለራስ ምታት መድኃኒት እወስድ ነበር። እሱ ይሆን? ሌሊት እንቅልፍ የለኝም።

መልስ፦ እህቴ፣ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው የዕጢው ክሮሞሶም ነው። የልጅሽ ደም ለብቻው ቢመረመር በአብዛኛው እንደ ማንኛውም ልጅ 46 ጤነኛ ክሮሞሶም ይገኝበታል። ለውጡ የተፈጠረው አንድ ያልበሰለ የነርቭ ሕዋስ ሲከፋፈል ነው፤ ዕጢው ደግሞ ከዚያ ሕዋስ የተባዙት ሕዋሳት ስብስብ ነው። በቤተሰብ የሚተላለፈው ኒውሮብላስቶማ ከ100 ሕሙማን የአንዱ ወይም የሁለቱ ብቻ ነው። በዚያም ጊዜ ቢሆን የሚወረሰው አንድ የተበላሸ ዘረመል ነው፦ በአብዛኛው በ2008 የታወቀው «አልክ»፣ አልፎ አልፎ ደግሞ «ፎክስ-ቱ-ቢ»። ሐኪሞች ውርስ ነው ብለው የሚጠረጥሩት ሌላ የቤተሰብ አባል ታሞ ከነበረ፣ ዕጢው በሁለቱም ጎን ከወጣ፣ ወይም ልጁ የአንጀት ነርቭ ሳይኖረው ተወልዶ ሰገራ ማሳለፍ አቅቶት ከነበረ ነው። እንቅልፍ ሲወስደው መተንፈስ የሚያቆም ልጅም እንዲሁ ይመረመራል።

በእርግዝና ወቅት የተወሰደ የራስ ምታት መድኃኒት፣ ምግብ ወይም ድንጋጤ ይህን በሽታ እንደሚያመጣ የተረጋገጠ ነገር የለም። ይህን የምነግርሽ ላጽናናሽ ብዬ አይደለም፤ እውነቱ ይህ ስለሆነ ነው።

ጥያቄ፦ ለመሆኑ የአንጎል ካንሰር ነው? ስሙ የነርቭ ይላል፣ የልጁ እብጠት ግን ሆዱ ላይ ነው።

መልስ፦ የአንጎል አይደለም። ፅንስ ሲያድግ ከጀርባው መሐል ተነስተው ወደ አካሉ የሚሰደዱ ሕዋሳት አሉ። እነዚህ የልብ ምትንና የደም ግፊትን የሚቆጣጠረውን የነርቭ መረብ፣ እንዲሁም ከኩላሊት በላይ የምትቀመጠውን፣ አድሬናል የተባለችውን ሆርሞን አመንጪ አካል መሐል ይሠራሉ። ከእነሱ ጥቂቶቹ ሳይበስሉ መከፋፈላቸውን ሲቀጥሉ ኒውሮብላስቶማ ይሆናሉ። ስለዚህ በብዛት ሆድ ውስጥ፣ አንዳንዴም ደረት ወይም አንገት ላይ ይወጣል። ከ10 ሕሙማን 9ኙ ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ነው።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል። ሳይወድቅ፣ ሳይመታ የዓይኑ ዙሪያ የጠቆረ፣ ሆዱ የጠጠረ፣ ወይም መራመድ ጀምሮ ሳለ እግሬን ብሎ መቆም እምቢ ያለ ሕፃን ሳይውል ሳያድር ሐኪም ይየው። «ቡዳ ነው»፣ «ጥርስ ሊያበቅል ነው» እየተባለ የሚባክነው ጊዜ ያሳዝነኛል።

ጥያቄ (እናት)፦ «ኤን-ሚክ ተባዝቷል» ተባልን። ነርሷ ስትነግረኝ ፊቷ ተለወጠ። ምን ማለት ነው? ልጄ አይድንም ማለት ነው?

መልስ፦ አይድንም ማለት አይደለም። ግን ከባድ ዜና መሆኑን አልሸሽግሽም፤ ጉዳዩን ከሥሩ ብታውቂው ይሻላል።

ኤን-ሚክ (ወረቀቱ ላይ ኤም፣ ዋይ፣ ሲ፣ ኤን በሚሉ ፊደላት ሊጻፍ ይችላል) በ2ኛው ክሮሞሶም አጭር ክንድ (ከሁለቱ ጎኖቹ አጭሩ) ላይ የሚገኝ ዘረመል ነው። በጤነኛ ሕዋስ ውስጥ አንዱ ከእናት፣ አንዱ ከአባት የመጣ፣ በድምሩ ሁለት ቅጂ ይኖራል። ከ100 ኒውሮብላስቶማ በ20ው ገደማ ግን ይህ ዘረመል በአንድ ሕዋስ ውስጥ አሥር፣ ሃምሳ፣ አንዳንዴም ከመቶ በላይ ቅጂ ሆኖ ይገኛል። ቅጂዎቹ ከክሮሞሶሙ ወጥተው እንደ ቁርጥራጭ ይበተናሉ፤ ወይም ሌላ ክሮሞሶም ውስጥ ገብተው አንድ ላይ ይከማቻሉ። እኛ ላቦራቶሪ ውስጥ «ፊሽ» በሚባለው ምርመራ ዘረመሉን በሚያበራ ቀለም እንነክረዋለን። በጤነኛ ሕዋስ ሁለት ነጥብ ይታያል፤ እዚህ ግን ነጥቦቹ ለመቁጠር እስኪያስቸግሩ ይደራረባሉ። ውጤቱ በጥቂት ቀናት ስለሚደርስ ሐኪሞች ከሁሉ በፊት የሚጠይቁን ይህንኑ ነው።

የኤን-ሚክ ሥራ ሕዋስ እንዲያድግና እንዲከፋፈል ማዘዝ ነው። ቅጂው ሲበዛ ትእዛዙ ያለማቋረጥ ይመጣል፤ ሕዋሱም በስሎ ነርቭ የሚሆንበት ዕድል ይዘጋል። መባዛቱ የታወቀው በ1983 ነው። በ1984 ጋሬት ብሮደርና ባልደረቦቹ መባዛቱ ከተስፋፋ በሽታ ጋር እንደሚሄድ አሳዩ። በማግሥቱ ዓመት ደግሞ ሮበርት ሲገርና ባልደረቦቹ እነዚህ ዕጢዎች ፈጥነው እንደሚገፉ አረጋገጡ። የአንድ ዘረመል መባዛት የሕክምና ውሳኔን ከለወጠባቸው የመጀመሪያዎቹ ካንሰሮች አንዱ ይህ የልጆች በሽታ ነው።

ለልጅሽ ያለው ትርጉም ይህ ነው። ዕጢው በቀዶ ሕክምና ሙሉ በሙሉ የወጣ ትንሽ ዕጢ ካልሆነ በቀር፣ ልጁ ገና የወራት ዕድሜ ቢኖረውም «ከፍተኛ ስጋት» ከሚባለው ክፍል ይመደባል። ጠንካራ ሕክምናም ከመጀመሪያው ይጀመርለታል። እነዚህ ዕጢዎች ፈጥነው እንደሚያድጉ ሁሉ ለመጀመሪያው ኬሞ (ካንሰር ገዳይ መድኃኒት) ብዙ ጊዜ ፈጥነው ይሸሻሉ። ከባዱ ሥራ የቀረችውን ጥቂት ዕጢ እንዳታገረሽ ማጥፋቱ ነው፤ ቀዶ ሕክምናው፣ የመቅኔ ሕዋስ ንቅለ ተከላው፣ ጨረሩና የሰውነትን መከላከያ በዕጢው ላይ የሚያነሳሳው ኢሚዩኖቴራፒ የሚደራረቡት ለዚያ ነው።

ጥያቄ፦ የእኛ ወረቀት ላይ «ኤን-ሚክ ጌይን» ይላል። ያው ነው?

መልስ፦ ያው አይደለም። ተባዝቷል የሚባለው የዘረመሉ ቅጂ ከ2ኛው ክሮሞሶም ቁጥር ከአራት እጥፍ በላይ ሲሆን ነው። «ጌይን» ጥቂት ቅጂ ተጨምሯል ማለት ሲሆን ብቻውን ልጁን ወደ ከፍተኛ ስጋት አይወስደውም። በስልክ የተነገረ ውጤት ከሆነ ወረቀቱን ተቀብለው የተጻፈውን ቃል በዓይንዎ ይዩ።

ጥያቄ (የሕክምና ተማሪ)፦ «ሙሉ ክሮሞሶም ለውጥ» እና «ከፊል ለውጥ» የሚባሉትን መምህራችን በአንድ ስላይድ አለፏቸው። ለውጥ ለውጥ ነው፤ ልዩነቱ ለምን ይህን ያህል ይጋነናል?

መልስ፦ አልተጋነነም ወንድሜ፤ ይህን በሽታ ለመረዳት ከሁሉም የሚበልጠው ቁልፍ እሱ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሃያ ሦስት ቅጽ ያለው መጽሐፍ ሁለት ሁለት ቅጂ አለህ እንበል። አንዱ ዕጢ (ሙሉ ክሮሞሶም ለውጥ ያለው) ከአንዳንዱ ቅጽ ሦስተኛ ቅጂ ጨምሯል፤ መጻሕፍቱ በዝተዋል፣ ጽሑፉ ግን አልተነካም። ሌላው ዕጢ (ከፊል ለውጥ ያለው) ቁጥሩ 46 አካባቢ ነው፤ ግን ከቅጽ 1 መጨረሻው ተቀዷል፣ ከቅጽ 11 ግማሹ የለም፣ የቅጽ 17 ገጾች ደግሞ ተደግመው ሌላ ቅጽ ውስጥ ተሰፍተዋል። ቁጥር ብቻ የሚቆጥር ሰው ሁለተኛውን ጤነኛ ይለዋል፤ የከፋው ግን እሱ ነው።

የመጀመሪያው ዓይነት ዕጢ ክሮሞሶሙ ብዙ ጊዜ ከ58 እስከ 80 ይደርሳል። በብዛት የሚታየው ከአንድ ዓመት ተኩል በታች ባሉ ሕፃናት ሲሆን የመዳን ተስፋው እጅግ ከፍ ያለ ነው። አንዳንዱ ያለ ምንም መድኃኒት ይከስማል። ሁለተኛው ዓይነት ከፍ ባሉ ልጆች ይበዛል፤ ሲገኝም ብዙ ጊዜ አጥንትና መቅኔ ደርሷል። በ1984 የዕጢው ዲኤንኤ መጠን በሕፃናት ላይ የኬሞ ውጤትን እንደሚጠቁም ሲታወቅ ብዙዎች ተገርመው ነበር፤ በአዋቂዎች ካንሰር የዲኤንኤ መብዛት ባብዛኛው መጥፎ ምልክት ነውና። ልጁ ሁለት ዓመት ካለፈው ግን የቁጥሩ ጥቅም ይጠፋል። ለፈተናህም ለታማሚህም ይህን አትርሳ።

ጃፓን ያደረገችው ደግሞ ለዚህ ትልቁ ማስረጃ ነው። ዕጢው የሚያመነጨው ኬሚካል በሽንት ስለሚገኝ፣ ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምራ የስድስት ወር ሕፃናቷን ሁሉ ሽንት ስትመረምር ቆየች። የሚገኙት ታማሚዎች ቁጥር ጨመረ፤ ከፍ ያሉት ልጆች ሞት ግን በሚጠበቀው መጠን አልቀነሰም። በጀርመንና በካናዳዋ ኩቤክ የተደረጉ ጥናቶች በ2002 ታትመው ያንኑ አሳዩ። ምርመራው ይይዛቸው የነበሩት በአብዛኛው ሙሉ ክሮሞሶም የጨመሩት፣ ቢተዉ ራሳቸው ሊከስሙ የሚችሉት ዕጢዎች ነበሩ። ገዳዩ ዓይነት በስድስት ወር ገና አልታየም፤ ወይም ከምርመራው በኋላ ፈጥኖ ይወጣል። ጃፓን ምርመራውን በ2000ዎቹ መጀመሪያ አቆመች። እስከዚያ ድረስ ግን ሳያስፈልጋቸው ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውና ኬሞ የወሰዱ ሕፃናት ነበሩ። እነሱን ሳስብ ነው የክሮሞሶም ምርመራ ትልቁ ጥቅም ማንን በኃይል ማከም *እንደሌለብን* መንገሩ እንደሆነ የሚሰማኝ።

ጥያቄ (የአምስት ወር ሕፃን አባት)፦ ልጃችን አድሬናሏ ላይ ትንሽ እብጠት ተገኘ። ሐኪሞቹ «እንከታተላለን» ብቻ አሉን። ካንሰር እያዩ እንዴት ዝም ይላሉ? ገንዘብ የለንም ብለው ይሆን ወይስ ጥቁር ስለሆንን?

መልስ፦ ጥርጣሬዎ ይገባኛል፤ ባዕድ አገር ያለ ወላጅ ይህን ማሰቡ አያስደንቅም። ግን ይህ ከስድስት ወር በታች ላሉና ዕጢያቸው ትንሽ ለሆነ ሕፃናት በጥናት የተደገፈ ሕክምና ነው። በአሜሪካ ውጤቱ በ2012 በታተመ ጥናት እንዲህ ክትትል ከተደረገላቸው ሕፃናት ከ10 ስምንቱ ያለ ቀዶ ሕክምና አለፉ፤ የመዳን ውጤታቸውም እጅግ ጥሩ ነበር። መከታተል ማለት አልትራሳውንድና ሽንት በቀጠሮ መመርመር ማለት ነው። ቀጠሮ እንዳያልፍ፤ ዋናው የእርስዎ ድርሻ እሱ ነው። ዕጢው ካደገ ወዲያው ይነካል።

ጉበቷ ወይም ቆዳዋ ላይም ካለ እንዳይደናገጡ። ከአንድ ዓመት ተኩል በታች ባሉ ሕፃናት፣ ወደ ቆዳ፣ ጉበትና ጥቂት ወደ መቅኔ ብቻ የተሰራጨ «ኤም-ኤስ» የሚባል ደረጃ አለ። ይህ በሰፊው ተሰራጭቶም ራሱ ሊከስም የሚችል ነው። በ1971 ኦድሪ ኢቫንስና ባልደረቦቿ ለይተው የጻፉት ነው። እዚህ ላይ ግን የክሮሞሶም ውጤት የግድ ነው፤ ኤን-ሚክ ከተባዛ መጠበቁ ይቀራል። ጉበቱ አብጦ መተንፈስ ካስቸገራትም እንዲሁ ሳይጠበቅ ይታከማል።

ጥያቄ፦ ኤን-ሚክ አልተባዛም ሲሉን እልል ብለን ነበር። አሁን ደግሞ «የ11ኛው ክሮሞሶም ረጅም ክንድ ጎድሏል፣ 17ኛው ተጨምሯል» አሉ። ምኑን እንመን?

መልስ፦ ሁለቱንም እመኑ፤ አይጋጩም። የ11ኛው ረጅም ክንድ መጉደልና የኤን-ሚክ መባዛት አንድ ዕጢ ላይ አብረው የሚገኙት ከስንት አንዴ ነው። እንደ ሁለት የተለያዩ መንገዶች ናቸው። የ11ኛው መጉደል ከሦስት ዕጢ በአንዱ ያህል ይገኛል፤ በተለይ ከፍ ባሉ ልጆች ላይ። እነዚህ ዕጢዎች እንደ ኤን-ሚኩ በፍጥነት አይገፉም፤ ዘግይተው የማገርሸት ጠባይ ግን አላቸው። ስለዚህ ክትትሉ መላላት የለበትም። የ17ኛው ረጅም ክንድ መጨመር ከግማሽ በላይ በሆኑ ዕጢዎች ስለሚታይ ከሁሉም የተለመደው ለውጥ ነው። የ1ኛው አጭር ክንድ መጉደል ደግሞ ብዙ ጊዜ ከኤን-ሚክ ጋር አብሮ ይሄዳል።

እነዚህ ለውጦች ክብደታቸው እንደ ልጁ ዕድሜና እንደ በሽታው ስርጭት ይለያያል። የአንድ ዓመት ልጅ ያልተሰራጨ ዕጢ ላይ ከተገኙ ሐኪሙ የኬሞውን ዙር ሊጨምር ይችላል። ልጁ አራት ዓመት ሞልቶት በሽታው አጥንት ከደረሰ ግን አስቀድሞም ከፍተኛ ስጋት ውስጥ ነውና የሚከተለውን ሕክምና ብዙም አይለውጡትም።

ጥያቄ፦ በቁጥር ንገሩን። ከመቶ ስንት ይድናል?

መልስ፦ ዝቅተኛ ስጋት ከሆነ አምስት ዓመት የሚሻገሩት ከ100 ከ95 በላይ ናቸው። መካከለኛ ስጋት ከሆነ ከ90 እስከ 95። ከፍተኛ ስጋት ከሆነ ሙሉ ሕክምና ባለባቸው አገሮች ግማሽ ገደማ፣ በቅርብ ዓመታት ደግሞ ወደ 60 የተጠጋ። እነዚህ ቁጥሮች ንቅለ ተከላና ኢሚዩኖቴራፒ ካለበት የተገኙ ናቸው። «ዳይኑቱክሲማብ» የሚባለው የኢሚዩኖቴራፒ መድኃኒት አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው በ2015 ነው። ከሱ በፊት የታተመ ቁጥር ኢንተርኔት ላይ ብታገኙ የዛሬውን ልጅ አይወክልም።

ጥያቄ (አባት፣ ከአማራ ክልል)፦ እኛ ባለንበት ይህ የክሮሞሶም ምርመራ አይሠራም ተባልን። ናሙና ወደ ውጭ ለመላክ አቅሙም የለንም። ያለሱ ሕክምና ዋጋ የለውም ማለት ነው?

መልስ፦ በፍጹም። ይህ ጥያቄ ከሁሉም በላይ ይከብደኛል፤ ምክንያቱም ያላችሁት እውነት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 የጀመረው የልጆች ካንሰር ንቅናቄ እንኳ ቅድሚያ ከሰጣቸው ስድስት ካንሰሮች መካከል ኒውሮብላስቶማ የለበትም። ሕክምናውም ረጅምና ውድ ነው።

ግን ሐኪም ያለ ክሮሞሶም ውጤትም ብዙ ማወቅ ይችላል። ዕድሜ ብቻውን ትልቅ ምስክር ነው፤ ድንበሩ አንድ ዓመት ከስድስት ወር ነው። ስርጭቱ በሲቲ፣ በመቅኔ ናሙናና በአጥንት ምርመራ ይታወቃል። ከደም ደግሞ ኤል-ዲ-ኤችና ፌሪቲን የሚባሉት ሁለት ቀላል ምርመራዎች ከፍ ብለው ከተገኙ ዕጢው ኃይለኛ መሆኑን ይጠቁማሉ። የፓቶሎጂ ባለሙያው በማይክሮስኮፕ ሕዋሶቹ ምን ያህል እንደበሰሉና ምን ያህል እንደሚከፋፈሉ ያያል። አቅም ውስን ለሆነባቸው አገሮች በ2015 የወጣው የሕክምና መመሪያም በእነዚሁ ላይ የቆመ ነው። በጥቁር አንበሳ፣ በጎንደርና በጅማ የልጆች ካንሰር ክፍሎች ስላሉ ሪፈር ይጠይቁ፤ ከጠቅላላ ቀዶ ሐኪም ዘንድ ብቻ አይቅሩ።

አንድ ተግባራዊ ነገር ልጨምር። ከባዮፕሲው (ለምርመራ ከተቆረጠው የዕጢ ቁራጭ) የተረፈው ናሙና በሰም ውስጥ ተቀብሮ ይቀመጣል። የፊሽ ምርመራ ከዓመታት በኋላም ከዚያ ሰም ላይ ሊሠራ ይችላል። ስለዚህ «የልጄ ብሎክ የት ነው? እንዳይጠፋ» ብለው ቁጥሩን ይጻፉ። ናሙናው ከአጥንት ከሆነ ደግሞ አጥንቱን ለማለስለስ የሚገባበት አሲድ ዲኤንኤውን ሊያበላሽ ይችላል፤ ከተቻለ ከዕጢው ራሱ የተወሰደ ናሙና ይሻላል።

ጥያቄ፦ አገረሸ። አሁን ሌላ ባዮፕሲ እንሥራ ይላሉ። ልጁን ለምን ደግመው ይወጉታል? ውጤቱ አለ አይደል?

መልስ፦ ኤን-ሚክ ባብዛኛው እንዳለ ይቀጥላል። ሌላው ግን ይለወጣል፤ ያገረሸ ዕጢ ተጨማሪ ክንዶች ይጎድሉታል፣ መጀመሪያ ያልነበሩ የዘረመል ስሕተቶችም ይታዩበታል። ከነዚህ አንዱ ቅድም የጠቀስኩት አልክ ነው። ከተገኘ እንደ ሎርላቲኒብ ያሉ፣ እሱኑ ለይተው የሚያጠቁ በአፍ የሚወሰዱ መድኃኒቶች አሉ። ያለ አዲስ ናሙና ሐኪሙ ይህን በር መኖሩን አያውቅም። እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን፣ ልጁ አቅም ካለው፣ እስማማለሁ።

ጥያቄ፦ የልጃችን ሕክምና አለቀ። እስከ መቼ እንስጋ?

መልስ፦ እንኳን ለዚህ አበቃችሁ! የሚያገረሽ ከሆነ ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ነው። አምስት ዓመት ካለፈ ዕድሉ በጣም ይቀንሳል፤ የ11ኛው ክሮሞሶም ጉድለት ያለበት ልጅ ግን ከዚያ በኋላም መታየት አለበት። ከፍተኛ ስጋት ውስጥ ለነበሩ ልጆች፣ እንዳያገረሽ በአፍ የሚወሰድ «ኢፍሎርኒቲን» የተባለ መድኃኒት አሜሪካ ውስጥ በ2023 ተፈቅዷል፤ ሐኪማችሁን ጠይቁ።

የማይረሳው ደግሞ ጆሮ ነው። ሲስፕላቲን የተባለውን የኬሞ መድኃኒት የወሰደ ልጅ ቀጫጭን ድምፆችን የመስማት አቅሙ ሊቀንስ ይችላል። ገና አፉን የሚፈታ ሕፃን ከሆነ «ቃል ዘገየበት» ተብሎ ይታለፋል። የመስማት ምርመራውን ትምህርት ቤት ከመግባቱ በፊት አሠሩለት፤ ካነሰም ማዳመጫ መሣሪያው በጊዜ ይግባለት።